ደመወዝ፣ እርግማንና ሁለት ዋንጫ፦ የአሰልጣኝ ቤላ ጉትማን ሕይወት

የፖርቱጋሉ ክለብ ቤንፊካ በአውሮፓ ውድድር ጥሎ ማለፍ በደረሰ ቁጥር ሊዝበን ውስጥ አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። አንዱ ስለ ተጋጣሚው አጥቂ ያወራል፣ ሌላው ስለ ራሱ ቡድን ተከላካይ ይጨነቃል፣ ሦስተኛው የደርሶ መልሱን ውጤት በጣቱ ይቆጥራል። ትንሽ ቆይቶ ግን የአንድ ሟች ስም ይጠራል፤ ቤላ ጉትማን። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ስለ ኳስ መሆኑ ይቀርና ስለ እርግማን ይሆናል።

ሰውየው የቡዳፔስት አይሁዳዊ ነበር። ከሾአ የተረፈ፣ ቤንፊካን ሁለት ጊዜ በተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። በሞተ ከ40 ዓመት በኋላም ደጋፊው ስሙን የሚያነሣው ስላመጣው ዋንጫ ሳይሆን ተራገመ ስለተባለው ነገር ነው። የሕይወቱ ትልቁ ክፍል ግን ከእርግማኑ በፊት ያለው ነው።

የዳንስ አስተማሪዎች ልጅ

ጉትማን በ1899 በቡዳፔስት ተወለደ። አባቱና እናቱ ዳንስ አስተማሪዎች ነበሩ፤ እሱም ገና በ16 ዓመቱ በዚሁ ሙያ የምስክር ወረቀት አገኘ። ልቡ ግን ኳስ ላይ ነበር። ኤምቲኬ በተባለው የከተማው ታላቅ ክለብ የመሐል ተጫዋች ሆኖ የሃንጋሪ ሻምፒዮን ሆነ።

ያኔ ሃንጋሪ ውስጥ ለአይሁድ ኑሮ እየከበደ መጣ። በ1920 ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ አይሁዶችን ቁጥር የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ በመንገድ ላይ የሚደበደቡም ነበሩ። ጉትማን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቪየና ሄደና ሀኮአህ ገባ። ሀኮአህ በ1909 የተመሠረተ የአይሁድ ክለብ ነው፤ ስሙ በዕብራይስጥ ኃይል ማለት ነው፤ ተጫዋቾቹም ደረታቸው ላይ የዳዊትን ኮከብ አድርገው ይጫወቱ ነበር። በ1923 ለንደን ድረስ ሄደው ዌስትሃምን 5 ለ 0 አሸነፉ። በ1925 ደግሞ ጉትማን ባለበት የኦስትሪያን ሻምፒዮና ወሰዱ። ይህ ስም ዛሬም እዚሁ አገር፣ ራማት ጋን ውስጥ በሚገኝ ክለብ ስም ላይ አለ።

የሰውየው ጠባይ ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ1924 ለፓሪስ ኦሎምፒክ ከሃንጋሪ ብሔራዊ ቡድን ጋር ሲሄድ ከተጫዋቹ ይልቅ ሹማምንቱ በዙ። ያረፉበት ቤትም ለስፖርተኛ የማይሆን፣ አይጥ የሞላበት ነበር። ጉትማን አቤቱታ በመጻፍ አልተመለሰም፤ የሞቱ አይጦችን በሹማምንቱ በር ላይ ሰቀለ። ቡድኑም በግብጽ 3 ለ 0 ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሃንጋሪ ተሰልፎ አያውቅም።

በ1926 ሀኮአህ ለጨዋታ አሜሪካ ሄደ። ኒውዮርክ ላይ 46,000 ያህል ሕዝብ ወጥቶ አያቸው፤ ብዙዎቹም የአይሁድ ስደተኞች ነበሩ። ጉትማንና ሌሎች ተጫዋቾች እዚያው ቀሩ። ጥሩ ገንዘብ ይዞ ነበር፤ በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ ግን አብሮ ጠፋ። ባዶ እጁን ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ1933 በሀኮአህ ቪየና አሰልጣኝነትን ጀመረ።

ከጣሪያ ሥር

በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሀኮአህ ተዘጋ። ጉትማን ወደ ቡዳፔስት ተመልሶ ኡይፔሽት የሚባለውን ክለብ ያዘ። በ1939 ከዚህ ቡድን ጋር የሃንጋሪን ሻምፒዮናም፣ ሚትሮፓ የተባለውን የመካከለኛው አውሮፓ ዋንጫም አነሣ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ሃንጋሪ ውስጥ በአይሁድ ላይ ሕግ በሕግ ላይ እየተጨመረ ነበርና ሥራው ብዙ አልቆየም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙ ዓመት ተሸፍኖ ቆይቷል። ጦርነቱን ስዊዘርላንድ ሆኖ አሳለፈው እየተባለ ይነገር ነበር፤ እሱም ስለዚያ ዘመን ማውራት አይወድም። በሱዳን በረሃ አልፈው የመጡ፣ የቀበሩትን በልባቸው ይዘው ለልጆቻቸው እንኳ ዓመታት ዝም ያሉ ወላጆች ይህን ዝምታ ያውቁታል። እውነቱ በደንብ የወጣው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዴቪድ ቦልቾቨር በ2017 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ነው።

ጉትማን በ1944 ናዚዎች ሃንጋሪን ሲይዙ እዚያው ቡዳፔስት ነበር። ሚስቱ አይሁዳዊት አልነበረችም። የሚስቱ ወንድም ከፀጉር ቤቱ በላይ፣ ከጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ደበቀው። በኋላም የግዳጅ ሥራ ካምፕ ገባ። በዚያ ካምፕ ኤርኖ ኤርብስታይን የሚባል ሌላ አይሁዳዊ አሰልጣኝ ነበር። ሁለቱ በ1944 መጨረሻ ወደ ሞት ከመወሰዳቸው በፊት ከጥቂት ሰዎች ጋር አመለጡ። ኤርብስታይን ኋላ የጣሊያኑ ቶሪኖ አሰልጣኝ ሆነና በ1949 በአውሮፕላን አደጋ ከቡድኑ ጋር ሞተ። የጉትማን አባት፣ እህቱና ሌሎች ዘመዶቹ በናዚዎች ተገደሉ። አብረውት በሀኮአህ ከተጫወቱት ውስጥም ያልተረፉ አሉ።

የላቡን ዋጋ የሚጠይቅ

ጦርነቱ ሲያበቃ ጉትማን 46 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ አልቋል፣ ገንዘብ የለውም። እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። ሩማንያ ውስጥ ቾካኑል በሚባል ክለብ ሲቀጠር አገሩ በረሃብ ላይ ስለነበረ ደመወዙ በምግብ እንዲከፈለው ተስማማ። አንድ የክለቡ አመራር በተጫዋች ምርጫ ጣልቃ ሲገባበት ግን ሥራውን ጥሎ ሄደ። ይሄ ነገር ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖሯል። ያሠለጠነበትን ዋጋ ይጠይቃል፤ በሥራው ሲገቡበት ደግሞ ለመሄድ አያመነታም።

በ1948 ኪሽፔሽት የሚባለውን የሃንጋሪ ክለብ ሲያሠለጥን አንድ ተከላካዩ በኃይል መጫወቱ ስላልጣመው ከእረፍት በኋላ ወደ ሜዳ እንዳይገባ አዘዘው። ያኔ ተጫዋች መቀየር ስላልነበረ ቡድኑ በ10 ሰው ሊጫወት ነው። የቡድኑ ኮከብ፣ ገና 21 ዓመቱ የነበረው ፈረንስ ፑሽካሽ፣ ተከላካዩን ግባ አለው፤ ልጁም የፑሽካሽን ሰማ። ጉትማን አልጮኸም፣ አልተሳደበም። የቀረውን ጨዋታ ተመልካች መሐል ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ቆየ፤ ከዚያ ትራም ተሳፍሮ ቤቱ ገባ። ወደ ክለቡ አልተመለሰም።

ጣሊያን ሄዶም እንደዚሁ ነው። በ1955 ሚላን የሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጦ እያለ አሰልጣኙ ተባረረ። ጉትማን ከዚያ በኋላ ቡድኑ አንደኛ ሆኖ ሳለ ማንም ሊያባርረው እንዳይችል በውሉ ላይ ማስጻፍ ጀመረ። በ1957 ብራዚል ውስጥ ሳኦ ፓውሎን የክልሉ ሻምፒዮን አደረገ። በ1959 ደግሞ ፖርቶን የፖርቱጋል ሻምፒዮን አድርጎ፣ በዚያው ዓመት ወደ ተቀናቃኙ ቤንፊካ ተሻገረ።

አንድ አሰልጣኝ በአንድ ክለብ ከሁለት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም፣ ሦስተኛው ዓመት ይገድላል የሚል እምነት ነበረው። በሕይወቱ ከ10 በላይ አገሮች ውስጥ ሠርቷል። አንዳንዱ ይህን ትዕቢት ይለዋል። ከአገሩ በጥላቻ የተገፋ፣ ክለቡ የተዘጋበት፣ ዘመዶቹ ያለቁበት ሰው ግን ሂድ ሳይሉት በፊት መሄድን ቢለምድ አይደንቅም።

ሊዝበን ላይ

ጉትማን ቤንፊካ እንደገባ ወደ 20 የሚጠጉ ተጫዋቾችን አሰናብቶ ወጣቶችን አሳደገ። ደጋፊው ተቆጣ፤ በ1960 እና በ1961 ሻምፒዮን ሲሆኑ ግን ዝም አለ። እንደሚነገረው ሊዝበን ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ ባወር የሚባለውን የቀድሞ የብራዚል ተጫዋች አገኘና ሞዛምቢክ ውስጥ ስላለ አንድ ልዩ ልጅ ሰማ። ልጁ ኤውዜቢዮ ነበር። ሌላው የሊዝበን ክለብ ስፖርቲንግም ይፈልገው ነበርና በ1960 መጨረሻ ሊዝበን ሲደርስ ቤንፊካ ከከተማ አውጥቶ ደበቀው። ክርክሩ አልቆ መሰለፍ የጀመረው በ1961 ግንቦት ነው።

በዚያ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ዕጣው ጉትማንን ከድሮ ሕይወቱ ጋር አገናኘው። መጀመሪያ ኡይፔሽት መጣ፤ ቤንፊካ ሊዝበን ላይ 6 ለ 2 አሸንፎ ቡዳፔስት ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈና አለፈ። በግማሽ ፍጻሜው የቪየናው ራፒድ መጣ፤ እሱንም አለፉት። በ1961 ግንቦት 31 በርን ላይ ባርሴሎናን 3 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ከጣሪያ ሥር ከተደበቀበት ዓመት እስከዚያ ምሽት 17 ዓመት ነው።

በተከታዩ ዓመት ኑረንበርግ ጀርመን ላይ 3 ለ 1 ሲያሸንፋቸው አለቀላቸው ያለ ብዙ ነበር። በመልሱ ቤንፊካ 6 አገባ፣ አንድም አልገባበትም። በግማሽ ፍጻሜው ቶተንሃምን በድምሩ 4 ለ 3 አለፉ። አምስተርዳም ላይ በተደረገው ፍጻሜ የጠበቃቸው ሪያል ማድሪድ ነበር፤ በመሐሉም ያ ፑሽካሽ አለ። ፑሽካሽ ከእረፍት በፊት ሦስት ግብ አገባባቸው። ጉትማን ግን ሌላው ሁለት ቢያገባ የእሱ ቡድን ሦስት ያገባል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ቤንፊካ 5 ለ 3 አሸነፈ፤ ሁለቱን የ20 ዓመቱ ኤውዜቢዮ አስቆጠረ። ጨዋታው ሲያልቅ ፑሽካሽ ማልያውን አውልቆ ለዚሁ ለአፍሪካ ልጅ ሰጠው።

1962 ለኢትዮጵያ ኳስም የማይረሳ ዓመት ነው። በጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። በዚያው ዓመት በግንቦት የቤንፊካ አምበል ጆዜ አግዋስ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ የትውልድ ቦታው አንጎላ ነበር፤ ኮሉናና ኤውዜቢዮ ደግሞ የሞዛምቢክ ልጆች ናቸው።

እርግማኑ

ጉትማን ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ ወደ አመራሩ ቀርቦ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። አልሰጥም አሉት። ሥራውን ለቆ ወደ ኡራጓይ፣ ወደ ፔኛሮል ሄደ። ሲወጣ ቤንፊካ ከዚህ በኋላ ለ100 ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን አይሆንም አለ ተብሎ ይነገራል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ደጋፊውን ያስፈራል። ቤንፊካ በ1963 በሚላን፣ በ1965 በኢንተር፣ በ1968 በማንቸስተር ዩናይትድ፣ በ1988 በፒኤስቪ፣ በ1990 እንደገና በሚላን ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። በሌላው የአውሮፓ ዋንጫም በ1983 በአንደርሌክት፣ በ2013 በቼልሲ፣ በ2014 በሴቪያ ተሸንፏል። በድምሩ ስምንት ፍጻሜ ነው። የ1990ው ጨዋታ የተደረገው ጉትማን በተቀበረበት ቪየና ነበር። ኤውዜቢዮ ወደ መቃብሩ ሄዶ ጸለየ። ሚላን ግን 1 ለ 0 አሸነፈ።

የማያምኑም አሉ፤ ክርክራቸውም ጠንካራ ነው። ጉትማን ያን ቃል መናገሩን ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ይጠራጠራሉ። ደግሞስ የተራገመውን ክለብ ለምን ተመልሶ ያሠለጥናል? በ1965 ተመልሶ አንድ ዓመት ሠርቷል እኮ። ለተሸነፉባቸው ዓመታትም ሌላ ምክንያት አለ ይላሉ። የ1965ቱ ፍጻሜ የተደረገው በኢንተር በራሱ ሜዳ ነው፤ በ1988ና በ2014 የተሸነፉት ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ የፖርቱጋል ክለብ ያሳደገውን ልጅ ለሀብታም አገር ይሸጣል እንጂ አያቆይም። በ2022 የቤንፊካ ወጣቶች ሳልዝበርግን 6 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆኑ፣ ይኸው ተሰበረ ያለ ደጋፊ ነበር። አይ፣ የወጣት አይቆጠርም ያለም አልጠፋ።

እርግማኑ ይኑርም አይኑር ከሥሩ ያለው ጉዳይ ለአባቶችና ለእናቶች እንግዳ አይደለም። ኦሪት የሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው፣ አለዚያ ወደ እግዚአብሔር ይጮኽብሃል ብላ ታስጠነቅቃለች። ክለቡ ውሉን አፍርሷል ማለት አይቻልም፤ ጉትማን የጠየቀው ጭማሪ ነው። ግን የአውሮፓን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ላመጣ ሰው እጅ ሲያጥር ሕዝቡ ራሱ ውስጡ ያውቀዋል። ምናልባት እርግማኑን ይህን ያህል ዘመን ያኖረው የጉትማን ቃል ሳይሆን የደጋፊው ጸጸት ነው።

ጉትማን ከዚያ በኋላ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በግሪክ ሠርቶ በ1974 በፖርቶ ሥራውን ጨረሰ። በ1981 ነሐሴ 28 በ82 ዓመቱ በቪየና አረፈ፤ የተቀበረውም በከተማው ትልቅ መካነ መቃብር፣ በአይሁዶች ክፍል ነው። ቤንፊካ በ2014 የካቲት ወር 110ኛ ዓመቱን ሲያከብር በስታዲየሙ ሐውልት አቆመለት። ሐውልቱ በሁለት እጁ ሁለት ዋንጫ ይዟል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ቡድኑ በሴቪያ ተሸነፈ።

እርግማኑን የሚያምኑ ሰዎች እስከ 2062 ይቆጥራሉ። የማያምኑትም ከእያንዳንዱ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በፊት በሐውልቱ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩታል። አብዛኞቹ የሚያዩት ዋንጫዎቹን ነው። ዋንጫዎቹን የያዙት እጆች በ1944 ባዶ እንደነበሩ፣ አባቱንና እህቱን አጥቶ ባዶ እጁን የተነሣ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ግን ስሙን በእርግማን ብቻ አያነሣውም።