ሥጋንና ነፍስን ያልከፈሉ ቄስ

ከአዳማ ተነሥቶ መተሐራን አልፎ የሚጓዝ ሰው ፈንታሌን ያያል። በዚያ አገር በከረዩ አርብቶ አደሮች መካከል የሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ይጠራል። እኒህ ሰው ማን ነበሩ?

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ በቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በነቀምት ሆስፒታል በድሬሰርነት ሕሙማንን አገለገሉ። ኋላም ቅስና ተቀብለው፣ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ትምህርተ መለኮት ተምረው ሲመለሱ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

በዚያን ዘመን የውጭ ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከት ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። እርሳቸው ዋና ጸሐፊ ሳሉ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. በጻፈችው ደብዳቤ፣ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ የማይከፈል አንድ ፍጥረት መሆኑን ለረጂዎቹ አስታወቀች። እንግዲህ የተራበን ማብላትና ወንጌልን መስበክ አንድ አገልግሎት ነው ማለት ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ቄስ ጉዲና በተደጋጋሚ ታሰሩ። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም ምእመናኑን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጸሎት በኋላ ተይዘው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶለሳ 10 ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ፤ የቄሱ አጽምም የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው።

ተምረን ወንበር ለያዝን ወጣቶች ይህ ሕይወት ከባድ ጥያቄ ያቀርብልናል፤ የመውጫው በር ሲከፈትልን ከተቸገረው ወገን ጋር የሚቀረው ማን ነው?