የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ

ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ ማልዶ ወደ አዲስ አበባ የሄደ መንገደኛ ሲመሽ ከቤቱ ይገባል። ባሕር ተሻግሮ በሰው አገር የሚያስተምር ግን የሚመለስበትን ቀን አያውቅም። የአባ ጎርጎርዮስም ኑሮ እንዲህ ነበረ።

እኒህ ሊቅ የአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። በዐፄ ፋሲል ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ከአገራቸው ወጥተው በሮም በስደት ተቀመጡ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ወደ እርሳቸው መጣ። ግዕዝን ከመጽሐፍ ለቅሞ ነበር፤ ከባለ አገሩ አፍ ግን ሰምቶ አያውቅም ነበርና እርሳቸው አንደበቱን አቀኑለት።

በ1652 ዓ.ም. የጎታ መስፍን ኤርንስት አስጠራቸው። አባ ጎርጎርዮስም ረጅሙን መንገድ ተጕዘው በመስፍኑ ግንብ ተቀመጡ፤ የአገራቸውንም ታሪክና ሥርዓት ለሚጠይቋቸው ሁሉ አስረዱ፤ ለሉዶልፍም አማርኛ አስተማሩት። ከተለያዩም በኋላ መምህሩና ተማሪው ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

በ1658 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስያ ዳርቻ በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰበረ፤ እርሳቸውም ሰጥመው ሞቱ። የናፈቁትን አገር አላዩም።

ሉዶልፍ ግን በ1661 የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ መሆናቸውንም አልደበቀም።

እንግዲህ የሚያውቅ ሰው ሳይሰስት ያስተምር፤ ሞት መቼ እንደሚቀድመው አይታወቅምና። የተማረም ሰው የመምህሩን ስም አይርሳ።