ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፤ ከኢየሩሳሌም እስከ ኦምዱርማን

በ1881 ዓ.ም. ከመተማ የጦር ሜዳ የተላከ የድል መልእክት ኦምዱርማን ደረሰ። ኦምዱርማን ነጭና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ፣ ከካርቱም ማዶ፣ በወንዙ ምዕራባዊ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ያን ጊዜም የማሕዲ ወራሽ የከሊፋ አብዱላሂ መናገሻ ነበረች። ከመልእክቱ ጋር የመጣው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የዐፄ ዮሐንስ ራስ ነበር፤ በከተማይቱም ለሕዝብ ታየ። ከሊፋው በዚያችው ከተማ በማሕዲ መቃብር ላይ ባለ ጉልላት ታላቅ ሕንጻ አሠርቷል፤ ዐፄ ዮሐንስም በኢየሩሳሌም ያስጀመሩት ቤተ ክርስቲያን እርሳቸው ሲወድቁ ገና አልተፈጸመም ነበር። ሁለቱም ገዢዎች ጸሎተኞችና ሕንጻ ሠሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ጸሎትና ሕንጻ ብቻውን መንግሥትን እንደማያጸና የሁለቱም ፍጻሜ ይመሰክራል።

ዐፄ ዮሐንስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ምርጫ ይባሉ ነበር። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸውም ወይዘሮ ሥላስ የእንደርታ ተወላጅ ናቸው። በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በዓድዋ አጠገብ ድል ካደረጉ በኋላ፣ በጥር ወር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ንጉሠ ጽዮን ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ። ይህ ማዕርግ ለጌጥ ብቻ የተወሰደ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ነገሥታት ዘራቸውን ከዳዊትና ከሰሎሞን ይቈጥሩ ስለ ነበር፣ ንጉሡ የእስራኤል ነገሥታት ወራሽ መሆኑን ለሕዝቡ የሚያስታውቅ ነበር።

በነገሡበት ዓመት ካደረጉት ሥራ አንዱ ይህንኑ በግልጥ ያሳያል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘው ክብረ ነገሥት ይገኝ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ወደ ለንደን ደብዳቤ ልከው፣ ያለዚህ መጽሐፍ የአገሩ ሰው ለትእዛዛቸው እንደማይገዛ አስረድተው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰላቸው። መዝገብና ማኅተም ለአስተዳደር ምን ያህል ኀይል እንዳላቸው የሚያውቅ ሹም ሁሉ የዚህን ጥያቄ ትርጉም ይረዳል።

በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ ሰሎሞን በገባዖን ሳለ ረጅም ዕድሜና ባለጠግነት ሳይለምን ሕዝቡን በፍርድ ለመምራት አስተዋይ ልብን ለመነ። ከዚያም በኋላ ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ጋር ተዋውሎ፣ ስንዴና ዘይት እየሰጠ የሊባኖስን ዝግባ አስመጣ፤ ቤተ መቅደሱንም በ7 ዓመት ፈጸመ። አባቱ ዳዊት ግን ወርቁንና ብሩን አዘጋጅቶ ሳለ፣ የጦር ሰው ስለ ሆነና ደም ስላፈሰሰ ሕንጻውን እንዲሠራ አልተፈቀደለትም። የዐፄ ዮሐንስ ዕድል ከሰሎሞን ይልቅ የዳዊትን ይመስላል።

በዘመናቸው ከሰይፍ ያረፉበት ጊዜ ጥቂት ነው። የግብጽ ኬዲቭ እስማኤል ከምጽዋ ያዘመተውን ጦር በ1868 ዓ.ም. አስቀድሞ በጉንደት፣ ቀጥሎም በጉራዕ ድል መቱት። ከጦርነት ወደ ጦርነት በሚያልፉበት መካከል በዓድዋ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በመቀሌም ቤተ መንግሥታቸውን በኢጣሊያዊው ባለሙያ በናሬቲ አሳነጹ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥበበ ሥላሴ ከሞቱ በኋላ ሌላ ሳያገቡ በጾምና በጸሎት ተወስነው ኖሩ።

ከሁሉ የበለጠው ሕንጻ ግን በኢየሩሳሌም ያለው ነው። የኢትዮጵያ መነኰሳት በዚያች ከተማ በዴር ሡልጣን ገዳም ከግብጽ መነኰሳት ጋር በተነሣው ክርክር የጸሎት ቤቶቻቸውን ቍልፍ አጥተው፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ በትናንሽ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ከዚህ ችግር እንዲወጡ ብለው ወርቅ ልከው፣ ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ መሬት ተገዝቶ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንዲጀመር አደረጉ። ሕንጻው እንደ አገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሲሆን፣ የተፈጸመው በተከታያቸው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዳዊት አዘጋጅቶ ሰሎሞን እንደ ፈጸመ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨረሰ።

በውጭ ጕዳይም ማስተዋል አልጐደላቸውም። በ1876 ዓ.ም. በዓድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር በተፈራረሙት ውል፣ የቦጎስ አገር እንዲመለስላቸውና በምጽዋ በር የሚያልፈው ዕቃ ሁሉ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን ተስማሙ፤ በምላሹም በደርቡሽ የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ። ይሁን እንጂ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ ምጽዋን ያዘች፤ እንግሊዝም አልተቃወመችም። ለነጋዴው ተስፋ የነበረው ውል በዓመቱ ከንቱ ሆነ፤ ንጉሡም ከደርቡሽ ጠላትነትን አተረፉ።

በአገር ውስጥ የፈጸሙት አንድ ሥራ ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ የሃይማኖት ክርክር በሥልጣን ተቈረጠ፤ የወሎ እስላሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። መኳንንቱ ታዘዙ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፣ ዐመፀም። ንጉሡ የፈለጉት አንድነትን ነበር፤ ያገኙት ግን ቂም ነው። ሰሎሞንም ሕዝቡን ለሕንጻው በግዳጅ ሥራ ስላከበደበት፣ በልጁ በሮብዓም ጊዜ መንግሥቱ ለሁለት ተከፍሏል። ቀንበር ሲከብድ የሚሰበረው ዘግይቶ ነው፤ መሰበሩ ግን አይቀርም።

በ1880 ዓ.ም. መከራው ሁሉ በአንድነት መጣ። በጥር ወር ሐምዳን አቡ አንጃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ነደዱ። በሰሐጢ ኢጣሊያኖች መሽገው ነበር፤ ጎጃምና ሸዋም ከንጉሠ ነገሥቱ ለመለየት ተማከሩ። በሰኔ ወር ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱ። ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት እልቂትም የገበሬውን በሬ ፈጀ፤ ኋላም ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ።

በዚህ ጭንቀት መካከል ዐፄ ዮሐንስ ከዘመናቸው ሁሉ አስተዋይ የሆነውን አሳብ አሰቡ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ልከው፣ የሁለቱ አገሮች ድኾች በከንቱ እንዳያልቁ እርቅ እንዲደረግ፣ የሁለቱም ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው አውሮፓዊ መሆኑንና ተባብረው እንዲቋቋሙት ጠየቁ። የተመለሰላቸው ስድብና እስላም እንዲሆኑ የሚያዝዝ ቃል ነበር። ስለዚህ ወደ መተማ ዘመቱ፤ በመጋቢት መባቻም ሠራዊታቸው የደርቡሽን ቅጥር ጥሶ ወደ ድል ሲቃረብ እርሳቸው በጥይት ቈሰሉ። መንግሥታቸውን ለራስ መንገሻ ተናዝዘው ዐረፉ፤ ሬሳቸውን ይዘው የሚመለሱትንም ሰዎች ደርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው።

ያ እርቅ ቢፈጸም ኖሮ ነገሩ ወዴት ይደርስ እንደ ነበር ማሰላሰል የአንባቢ ፋንታ ነው፤ የሆነው ግን የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ኢጣሊያኖች ያለ ብርቱ ተቃውሞ አሥመራ ገቡ፤ በ1882 ዓ.ም.ም ኤርትራ የተባለውን ቅኝ ግዛት አወጁ። አሸናፊው ከሊፋም በመተማ ምርጥ ወታደሮቹን አጥቶ ነበር። በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. የኪችነር መድፍ ኦምዱርማንን መታ፤ የማሕዲ መቃብር ጉልላት ተበሳ፣ በኋላም ሕንጻው በኪችነር ትእዛዝ ፈረሰ። ከሊፋውም በኅዳር ወር 1892 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቀ።

ጉልላቱ እንደ ገና በ1939 ዓ.ም. ገደማ ታድሶ ቆሟል፤ የኢየሩሳሌሙም ደብረ ገነት የጸሎት ቤት ሆኖ ኖሯል። ድንጋዩ ከሠሪዎቹ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ሰሎሞን የለመነው አስተዋይ ልብ በዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ታይቶ ነበር፤ የሚቀበለው ግን አላገኘም። ጎረቤት ሆነው በአንድ ወንዝ ውሃ ለሚኖሩ ሕዝቦች ሹማምትና ነጋዴዎች፣ ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት የእርቅ ቃል በመጣ ጊዜ ከማን እንደ መጣ ሳይሆን ምን እንደሚል መመርመር ነው።