ነበልባልን በወንፊት ያሰረው ሊቅ

ጋዝ እንዴት እንደሚነድና ነበልባሉ እንዴት እንደሚገታ የመረመረውን የሐምፍሪ ዴቪን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴቪ በ1778 በእንግሊዝ አገር ፔንዛንስ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ እንጨት ጠራቢ ነበር። በ1794 አባቱ ዕዳ ትቶ ሲሞት፣ ልጁ በአንድ ሐኪም ዘንድ መድኃኒት ቅመማ ሊማር ገባ። ኬሚስትሪንም እዚያው ሆኖ ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለይቶ በማውጣቱ ስሙ ገነነ።

ታዲያ በ1812 ፌሊንግ በተባለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 92 ሰዎች አለቁ፤ ታዳጊ ልጆችም ነበሩባቸው። በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሜቴን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የቆፋሪው መብራት ብቻ ያፈነዳዋል። ከዚህ ካነሰ ጋዙ አይበቃም፤ ከበዛ ደግሞ ኦክሲጅን ያጥረዋል፤ ነበልባሉም አይዛመትም።

በ1815 ዴቪ መላ እንዲፈልግ ተጠየቀ። ድብልቁን በየመጠኑ እያቃጠለ ሲመረምር፣ ነበልባል በጠባብ የብረት ቀዳዳ እንደማያልፍ ደረሰበት። ለምን ቢባል፣ ብረቱ ሙቀቱን ስለሚሻማው ከወዲያ ያለው ጋዝ አይቀጣጠልም። ስለዚህ መብራቱን በሽቦ ወንፊት ከበበው። አየር ይገባል፣ ብርሃን ይወጣል፣ እሳቱ ግን እዚያው ይቀራል። መብራቱ በ1816 መጀመሪያ ጉድጓድ ወርዶ ተፈተነ። ዴቪ ሀብት ሊያገኝበት ሲችል የፈጠራ ባለቤትነት መብት አላወጣበትም።

ጉድለቱንም አንደብቅም። ወንፊቱ ከዛገ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ከገፋው ነበልባሉ ያመልጣል። ባለንብረቶቹም መብራቱን ተማምነው አደገኛ ጉድጓዶችን ስላስቆፈሩ አደጋው እንደታሰበው አልቀነሰም። ዴቪ በ1829 ጄኔቫ ላይ በ50 ዓመቱ አረፈ።

እኛስ? ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። ሻማና ቁራጭ የሽቦ ወንፊት ግን ተፍኪ ገበያም አይጠፋም። ወንፊቱን በመቆንጠጫ ይዘን በነበልባሉ መሐል አግድም ብናስገባው፣ እሳቱ ከሽቦው በታች ይቀራል፤ ጭሱ ግን ሽቅብ ያልፋል። ተማሪው ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። ትምህርቱም የሚጀምረው ያኔ ነው።