ትዕግሥትና ቁጣ በአንድ ሰው

ወገል ጤና ያለችበትን የደላንታ አምባ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ አልፈውታል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። ገደሉን እየደለደሉ፣ በሽሎን እየተሻገሩ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ግብታዊ፣ ማለትም ሳያስብ በስሜት የሚነሣ ነው ማለት ይከብዳል።

ሆኖም ሚያዝያ 2 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ እስረኞች ሲጮኹ ሰምተው ተቆጡና ብዙዎቹን ገደል አስወረወሩ። ጠጥተው ነበር። ሌሊቱን በጸሎትና በጸጸት እንዳሳለፉ ተጽፏል።

ካሳ ኃይሉ በልጅነቱ አባቱን አጣ፤ የተማረበት ገዳም በጦር ሲወረር አምልጦ ተረፈ፤ በወጣትነቱም ሸፈተ። በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ያረጋጓቸው ነበር የሚባሉት ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ወዳጃቸው ጆን ቤል ተገደለ። ቁጣው የባሰው ከዚያ ወዲህ ነው። በሞተ ሰው ላይ ምርመራ መጻፍ አልወድም፤ ግን የእሳቸው ሕይወት ግብታዊነት አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

በብዙ አገር የሚሠራበት የባራት መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት። ትኩረት ማጣትን፣ ሳያስቡ መንቀሳቀስንና አርቆ አለማቀድን ይለካል። በመጨረሻው ቴዎድሮስ ፈተናውን ባለፉ ነበር! የኋላ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ ጨመሩ፤ ሰውየው ሲከፋው ወይም ሲናደድ ምን ያደርጋል? በመጠጥና በጠብ ምክንያት ስለሚመጡ ታዳጊዎች ብዙ የሚነግረን ይህ ነው።

እዚህ ደላንታ ኦፓል ፍለጋ ሳምንቱን ሙሉ በትዕግሥት ሲቆፍር የሰነበተ ልጅ፣ ድንጋዩን በሸጠበት ማታ አረቄ ቤት ሊደባደብ ይችላል። እናቱ ልጄ ረጋ ያለ ነው ብትል አልዋሸችም፤ ፖሊስም ችኩል ነው ቢል አልተሳሳተም።

ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያመጡት ስለ ጠባዩ ብቻ አይንገሩን። ጠቡ የተነሣው ከመጠጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቀድሞ ያስከፋው ነገር ነበር? በነጋታው ተጸጸተ? መጠይቁን ስካሩ ሳይለቀው አናስሞላውም፤ ነጥቡም ጥፋተኛ ነው የሚል ፍርድ አይደለም። ብቻውን የምናነጋግርበት ጊዜም ይስጡን። አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው ስለ አረቄ እውነቱን የነገረኝ የ16 ዓመት ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።