የሐዲያዋ ልጅ እቴጌ ዕሌኒ

በዚህ በጾሙ ወራት ምናልባት በሆሳዕና ወይም በዱራሜ፣ ቅዳሴ እስኪገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር አረፍ ብላችሁ ይህቺን ጽሑፍ ገልጣችሁ ይሆናል። እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የሆሳዕና ከተማ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል እንደነበረ፣ የዛሬው ስሟም ከበዓለ ሆሳዕና እንደመጣ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። ከዚሁ ከሐዲያ ምድር ወጥታ ከሃምሳ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የኖረችውን፣ ለነገሥታት እናት የሆነችውንስ ታውቋታላችሁ? ስሟን የሰማን እንኳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ነበረች ብለን ነው የምናልፈው። ታሪኳ ግን እንዲህ የሚታለፍ አይደለም፤ ጨለማም አለበት።

ዕሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ገራድ የገዥነት ማዕረግ ነው። የያኔው ሐዲያ ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋ ነበር፤ ገዥዎቹ እስላሞች ሲሆኑ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግብር ይገብሩ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ነገሡ፤ የገራዱም ልጅ ለንጉሡ ተሰጠች። እንዲህ ባለ ጋብቻ ልጅቷን ማን ይጠይቃታል? ሴት ልጅ ያላችሁ እስቲ አስቡት። የእናቷን ቤት፣ የለመደችውን ቋንቋ፣ የአባቷን ሃይማኖት ትታ ማንንም ወደማታውቅበት ሄደች። ስሟም ዕሌኒ ሆነ፤ መስቀሉን ከተቀበረበት ያስወጣችው የንግሥቲቱ ስም። ከእንግዲህ ንግሥት ናቸውና እኛም አንቱ እንበላቸው።

ቀጥሎ የመጣው የወንድም መርዶ ነው። ከአባታቸው በኋላ ገራድ የሆነው ማሂኮ ግብር አልገብርም ብሎ ሸፈተ። የንጉሡ ጦር አሳዶ ገደለው፤ በቦታውም አጎቱ ባሞ ተሾመ። ለቤተ መንግሥቱ ድል ነበር። ለዕሌኒ ግን የሞተው የአባታቸው ልጅ ነው፤ የገደለው ደግሞ የባላቸው ጦር።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን የእመቤታችን ወዳጅና የመጻሕፍት ደራሲ አድርገን እናውቃቸዋለን፤ ናቸውም። ዜና መዋዕላቸው ግን ሌላውንም አልሸሸገም። ጣዖት አመለካችሁ ተብለው የገዛ ልጆቻቸው ተገርፈው ሞተዋል። ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ ጽዮን ሞገሳ ደግሞ፣ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ልጇን ልታነግሥ አስባለች ተባለች። በ1454 ዓ.ም. ክፉኛ ተደበደበች፤ ከዚያም አልተረፈች። በምስጢር ቀበሯት። ልጇ በእደ ማርያም ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣን ማስገባቱ ሲሰማ እርሱም ታሰረ፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ገብተው ነው አባትና ልጅን ያስታረቁት። ዕሌኒ የኖሩት በዚህ ቤት ውስጥ ነው።

በ1460 ዓ.ም. ንጉሡ ሲያርፉ በእደ ማርያም ነገሠ። እናት የሌለው ንጉሥ! ዕሌኒ ደግሞ ማሕፀናቸው አልተከፈተም። ንጉሡ በእናቱ ቦታ አስቀመጣቸው፤ እንደ እናቱም አከበራቸው። የዚያ ዘመን ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሎታቸውንና ሥጋ ወደሙ መቀበላቸውን፣ የመጻሕፍትና የሕግ ዕውቀታቸውን፣ የመንግሥት ምክራቸውን እያነሣ ያመሰግናቸዋል። ምግብ አዘገጃጀታቸውንም አልረሳም። ለእኛ ይሄኛው ደስ ይለናል፤ ወጥ መሥራት ከሕግ ዕውቀት ጎን ሲመሰገን ስንቴ አይተናል?

ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ እየተቀጩ ሄዱ። በእደ ማርያም በ1471 ዓ.ም. አረፈ፤ ሕፃኑ እስክንድር ተተካ፤ እርሱም በወጣትነቱ በ1486 ዓ.ም. ሞተ። የእርሱ ሕፃን ልጅ ስድስት ወር ያህል ብቻ በዙፋን ቆየ። ናዖድ ነገሠ። በ1500 ዓ.ም. ናዖድም ሲያርፍ ልጁ ልብነ ድንግል ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያልዘለለ ነበር። አገሪቱን የመጠበቁ ነገር በአሮጊቷ እቴጌ ትከሻ ላይ ወደቀ።

አሁን ይህቺን ልብ በሉ። በእነዚያ ዓመታት የአዳሉ የጦር አለቃ ማሕፉዝ ክርስቲያኑን አገር የሚወጋው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነበር። ሕዝቡ በጾም ሲደክም ጠብቆ ይመጣል፤ ይማርካል፤ ይመለሳል። ለሃያ አምስት ዓመት ያህል እንዲህ አደረገ። እኛ ሁዳዴን ስንይዝ የሚያሳስበን ሽሮው ነው። ያኔ በዳር አገር ያለ ሰው ጾሙ ሲገባ ልጆቹን የት እንደሚሸሽግ ያስብ ነበር።

እቴጌዪቱ ያዩት ግን ከማሕፉዝም የራቀ ነው። ባሕሩን የያዘ ሁሉ በአገሩ ላይ እንደሚበረታ አዩ። በ1502 ዓ.ም. ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ መርጠው ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላኩ፤ እናንተ መርከብ አላችሁ፣ እኛ ሠራዊትና ስንቅ አለን፣ እንተባበር የሚል አሳብ ነው። ከደብዳቤው ጋር ከጌታችን መስቀል የተከፈለ ቁራጭ አብሮ ሄደ። ስማቸውን አስቡና ይህንን ስጦታ አስቡት።

የማቴዎስ መንገድ የመከራ መንገድ ነበር። በ1505 ዓ.ም. ሕንድ አገር ጎኣ ደረሰ። የፖርቱጋል መርከብ አለቆች ሰላይ ነው ብለው አንገላቱት። በ1506 ሊዝበን ሲገባ ንጉሡ በክብር ተቀበለው። ሲመለስ የተመደበለት አምባሳደር ቀይ ባሕር ላይ ካማራን ደሴት ሞተ። ማቴዎስ በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ ወረደ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም በደብረ ቢዘን አካባቢ አረፈ። አሥር ዓመት ተንከራቶ፣ የላኩትን እቴጌ ዳግም ሳያይ!

መልእክተኞቹ ቤተ መንግሥት የደረሱት ጥቅምት 1513 ዓ.ም. ነው። ግን ጊዜው ተለውጦ ነበር። ልብነ ድንግል ማሕፉዝን በ1509 ዓ.ም. ድል አድርገው ገድለውታል፤ ወጣቱ ንጉሥ የማንንም መርከብ የሚፈልጉ አልመሰላቸውም። በዚያው በ1509 ዓ.ም. ግን ቱርኮች ግብጽን ይዘው ነበር፤ አሮጊቷ የፈሩት እየቀረበ ነው። እንግዶቹ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጠው ያለ ቁርጥ ውል ሄዱ።

እቴጌ ዕሌኒ በ1514 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። ከእንግዶቹ አንዱ ቄስ አልቫሬዝ ከሕዝቡ አፍ የሰማውን ጽፏል፤ እርሳቸው ሳሉ ሁሉም በሕይወት ይኖር ነበር፣ አሁን ግን ትልቁም ትንሹም አብሮ ሞተ እያለ ሰው ያለቅስ ነበር። ለሁሉም አባትም እናትም ነበሩ ተባለ። ለገራድ መሐመድ ልጅ!

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሽምብራ ኩሬ ሆነ፤ በ1521 ዓ.ም. የልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ጦር ተሰበረ። ንጉሡ ሲሸሹ ኖረው ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ። እቴጌዪቱ የለመኑት የፖርቱጋል ርዳታ፣ አራት መቶ ያህል ወታደር፣ ከዚያ በኋላ በ1533 ዓ.ም. መጣ።

በምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ መርጡለ ማርያም አለች። ዕሌኒ በዚያ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በዚያው ጦርነት ጠፋ። ዛሬ የምታዩት የድንጋይ ፍርስራሽ ከመቶ ዓመት በኋላ ኢየሱሳውያን በቦታው ላይ የሠሩት ነው። የሐዲያዋ ልጅ ሥራ ከሥሩ ነው።