በዜማ የቆመ ዩኒቨርስቲ፤ የኤላ ሼፐርድ የሕይወት ታሪክ

የቆሎ ተማሪ ታሪክ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በየደጁ በማርያም ስም እየለመነ ፊደል የቆጠረ ሰው ወሬ ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የቆሎ ተማሪ የሚለምነው ግን ለዕለት ጉርሱ ነው። ዛሬ ለጓደኞቻችን የምንተርከው ትምህርት ቤታቸው እንዳይዘጋ ሲሉ በየአገሩ እየዘመሩ ስለ ለመኑ ተማሪዎችና ከእነርሱም መካከል ዋነኛ ስለ ነበረችው ስለ ኤላ ሼፐርድ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኤላ በ1851 በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከባሪያ እናት ተወለደች። በዚያ ዘመን ሕግ ከባሪያ ማሕፀን የወጣ ልጅ የእናቱ ጌታ ንብረት ነበር። አባቷ ሳይመን ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ራሱን ከባርነት የዋጀ ሰው ነው። እናቷ ሣራ ግን እመቤቲቱ ሕፃኗን በእናቷ ላይ ወሬ እንድታቀብል ማስለመዷን ባወቀች ጊዜ፣ ልጅዋን ታቅፋ ወንዝ ልትገባ ሄደች። አንዲት አሮጊት ባሪያ መንገድ ላይ አግኝታ መለሰቻት። ከዚያ በኋላ አባት የገዛ ልጁን በ350 ዶላር ገዛ። እናቲቱን ግን እመቤቷ አልሸጥም ብላ ወደ ሚሲሲፒ ወሰደቻት።

ሳይመን በንግዱ ከሰረና አበዳሪዎቹ ልጁን እንደ ዕቃ ይወስዱብኛል ብሎ ስለ ፈራ፣ ባርነት ወደሌለበት ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ሸሸ። ኤላ በዚያ ፒያኖ ለመማር በቃች። አንዲት ነጭ መምህርት ልታስተምራት የተስማማችው ግን ማንም እንዳያውቅ፣ ማታ ማታ በጓሮ በር እየገባች እንድትማር ነበር። የተማረችው ትምህርት 12 ጊዜ ብቻ ነው። በ1866 አባቷ በኮሌራ ሲሞት ቤቱም ንብረቱም ለዕዳ ሆነ። ኤላ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ወደ ቴነሲ ተመልሳ ከባርነት የወጡትን ሰዎች ልጆች አስተማረች፤ በ1868ም ያላትን 6 ዶላር ይዛ ወደ ፊስክ ትምህርት ቤት ገባች። ገንዘቡ ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ስለ ነበር እየሠራች መማር ነበረባት። ችሎታዋ ስለ ታወቀም ሃያ ዓመት አካባቢ ሳለች በዚያው ትምህርት ቤት የሙዚቃ ረዳት መምህርት ሆነች።

ፊስክ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1866 በናሽቪል ለጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ቤቱ ሠራዊቱ በጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታል አድርጎት የነበረ የሳንቃ ሰፈር ስለ ነበር፣ እንጨቱ በስብሶ ብርዱ ይገባ ነበር። ምግቡም አይበቃም። እኛ ስለ ምግብ አዳራሻችንና ስለ መኝታ ቤታችን የምናጉረመርመውን ሁሉ ብንሰበስበው የእነርሱን አንድ ክረምት አይመዝንም። በ1871 ዕዳው ስለ በዛ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ደረሰ። ገንዘብ ያዡና የመዝሙር መምህሩ ጆርጅ ዋይት ግን ዘማሪዎችን ይዤ ወጥቼ ገንዘብ ላምጣ አለ። ኦክቶበር 6 ቀን 1871 ዘጠኝ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ መጨረሻ ሳንቲም ተሳፍረው ወጡ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። ፒያኖውን የምትመታው፣ መዝሙሩንም የምታለማምደው ኤላ ነበረች።

ጉዞው ከባድ ነበር። ለብርድ የሚሆን ልብስ አልነበራቸውም፤ ሆቴሎች በቀለማቸው ምክንያት ማደሪያ ይከለክሏቸው ነበር። እንዲህም ሆኖ፣ ገና ኦሃዮ ውስጥ ሳሉ የቺካጎ ከተማ በእሳት መቃጠሏን በሰሙ ጊዜ፣ ከ50 ዶላር የማይበልጠውን ገቢያቸውን ለተጎዱት ሰጡ። ኮሎምበስ ሲደርሱ ዋይት የኢዮቤልዩ ዘማሪዎች ብሎ ሰየማቸው። በኦሪት ዘሌዋውያን በኢዮቤልዩ ዓመት ባሪያ ነፃ ይወጣልና።

በመጀመሪያ የሚዘምሩት የአውሮፓን ዜማ ነበር፤ ሰውም ሰምቶ ጥቂት ሰጥቶ ይሄዳል። ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ያዜሙትን መንፈሳዊ ዜማ ግን በራቸውን ዘግተው ለራሳቸው ብቻ ይዘምሩት ነበር። አንድም የተቀደሰ ነው፣ አንድም ባርነትን ያስታውሳል ብለው ያፍሩበት ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኦበርሊን ላይ ለቀሳውስት ጉባኤ ይህንኑ ዜማ ባሰሙ ጊዜ ግን ሰሚው ሁሉ ልቡ ተነካ። ከዚያ ወዲህ የእናትና የአባታቸው ዜማ ቀዳሚ ሆነ፤ ኤላም ከዋይት ጋር ሆና ዜማዎቹን በኖታ መጻፍ ያዘች።

ጎዶሎው ከዚህ በኋላ ሞላ። በ1872 የጸደይ ወራት 20,000 ዶላር ይዘው ተመለሱ። በ1873 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። ኢዮቤልዩ አዳራሽ የተባለው ታላቅ ሕንፃ በጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ሲመረቅ፣ ያሠሩት ዘማሪዎች በቦታው አልነበሩም፤ በአውሮፓ ለትምህርት ቤታቸው እየዘመሩ ነበር። ጉዞው በ1878 በጀርመን፣ በሃምቡርግ እስኪያበቃ ድረስ የሰበሰቡት ወደ 150,000 ዶላር ደረሰ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ዋይት በሳንባ በሽታ ተጎዳ፤ ኤላም ብዙ ጊዜ እየታመመች ከፒያኖው አልተለየችም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ለሌላው ትምህርት ሲሉ የራሳቸውን አቋርጠው ከወጡት ከእነዚያ ዘጠኝ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሳይመረቁ መቅረታቸው ነው።

ኤላ በ1882 ጆርጅ ሙር የሚባል ቄስ አገባች። የጠፋችውንም እናቷን አግኝታ በናሽቪል አኖረቻት። ወንዝ ልትገባ የነበረችው እናት ልጅዋ በነገሥታት ፊት የቆመች ሆና አየቻት። ኤላ ከዚያ በኋላ የፊስክን ወጣት ዘማሪዎች ስታሠለጥን ኖራ በ1914 ዐረፈች።

ኢዮቤልዩ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ተማሪዎች ያድሩበታል። በየዓመቱ ኦክቶበር 6 ቀን ዩኒቨርስቲው ያን የጉዞ ቀን ያከብራል። ይህን ታሪክ ስንጽፍ ራሳችንን ሁለት ነገር ጠየቅን። በር ዘግተን የምናንጎራጉረው፣ ሰው እንዳይሰማን የምናፍርበት የአባቶቻችን ሀብት የትኛው ነው? ከእኛ በኋላ በዚህ ወንበር ለሚቀመጠውስ ተማሪ ምን ትተን እንሄዳለን? ኤላ መልሷን ሰጥታ ሄዳለች፤ የእኛ ገና ነው።